በሁለት እጅ

«ኧረ አክስቴ፣ ማንኪያው!»

ጊየም ከጓዳው ምድጃ አጠገብ ቁጢጥ ብላ ሻይ ታማስላለች። ማንኪያው ከብርጭቆው ጋር እየተጋጨ ቅል፣ ቅል፣ ቅል ይላል፤ ድምፁ ለቅሶ ደራሹ እስከተቀመጠበት እስከ ፊተኛው ክፍል ድረስ ይሰማል።

«ምን አደረግኩ ደግሞ?» አለች ጊየም።

«ይሰማል እኮ» አለች የእህቷ ልጅ ሙርያኒ በሹክሹክታ።

«ይሰማ! የምትቆጣኝ ሞታለች። ዕድሜ ልኬን ‹ጊየምዬ፣ ብርጭቆውን ራሱን እንዳያመው› ስትለኝ ኖራ፣ አሁን ደግሞ አንቺ ወንበሯን ልትወርሺ ነው?»

ሙርያኒ ፈገግ አለች። ብርጭቆውን ተቀበለቻትና ማንኪያውን ራሷ ያዘች። ታቹንም ዳሩንም ሳትነካ፣ ስኳሩ እስኪሟሟ ድረስ ቀስ አድርጋ አዞረችው። ኮሽ አላለም። ይህን ያስተማሯት እናቷ ናቸው፤ ገና የወተት ጥርሷ ሳይነቀል።

ሻዩም የእናቷ ነው። ወይዘሮ ሱማርሲህ ከተቀበሩ ሦስተኛ ቀናቸው ነው። እስከ ሰባተኛው ቀን ድረስ፣ በአልጋቸው ራስጌ ባለችው ትንሽ ጠረጴዛ ላይ፣ በሕይወት ሳሉ ይወዱት እንደነበረው ሁለት አንኳር ስኳር የገባበት ትኩስ ሻይ ይቀመጥላቸዋል። የሰፈሩ ኢማም እንዲህ ያለውን ነገር አይወዱትም። ግን እሳቸውም የሶሎ ከተማ ሰው ናቸውና አይተው እንዳላዩ ያልፋሉ።

አይቶ እንዳላየ ማለፍ በሶሎ ትልቅ ሙያ ነው። አሉስ ይሉታል። በሰም ብዕር የተሳለች ከፀጉር የቀጠነች መስመር አሉስ ናት። ዝግ ያለ ድምፅ አሉስ ነው። ሆዱ እያረረ ፊቱ የማይለወጥ ሰው አሉስ ነው። እንቢ የምትለዋን ቃል ሳያወጣ እንቢ የሚል ሰው ደግሞ የአሉሶች ሁሉ አውራ ነው፤ ወይዘሮ ሱማርሲህ እንዲያ ነበሩ። ባቲካቸውን፣ በሰም ስለው የሚነክሩትን ጨርቅ፣ ሊገዛ ከጃካርታ ድረስ ይመጣ የነበረው ሰው ግማሹ ለጨርቁ፣ ግማሹ አነጋገራቸውን ለመስማት ነው የሚመጣው ይባል ነበር።

አንድ ጊዜ አንዲት ሠራተኛ ሰም እያንጠባጠበች ጨርቅ ታበላሽባቸው ጀመር። ሌላ ሰው ቢሆን ጮኾ ያባርራት ነበር። እሳቸው አዲስ ጫማ ገዝተው፣ በወረቀት ጠቅልለው፣ «መንገዱ ሩቅ ነው፣ እግርሽ እንዳይጎዳ» ብለው ሰጧት። ሴትዮዋ ጫማውን ተጫምታ፣ እጃቸውን ስማ፣ እያመሰገነች ወጣች። መባረሯ የገባት ሰፈሯ ስትደርስ ነው። ይህን ታሪክ በዚያ ሳምንት ለቅሶ ቤቱ ውስጥ ስንቱ እየሳቀ አወራው መሰላችሁ! ሴትዮዋ ከዚያ በኋላ ምን በልታ እንደኖረች ግን አንድም ሰው አላነሳም።

ሙርያኒ ሻዩን አስቀምጣ ወደ ሴቶቹ ተመለሰች። ምንጣፉ ላይ ከተቀመጡት አንዷ ለጎረቤቷ፣ ይሰማብኛል ብላ ሳትሰጋ፣ «እያት እስቲ፣ አንድ ዘለላ እንባ እንኳ አላወጣችም። የእናቷ ልጅ!» አለች።

«መልኳስ፣ ጠባይዋስ የእናቷ ነው» አለች ሁለተኛዋ። «እጁን ብቻ ነው አላህ የነፈጋት። እንደ ሱማርሲህ ያለ እጅ ከእንግዲህ አይገኝም።»

ሙርያኒ ይህንንም ሰማች። የሱማርሲህ እጅ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ሃያ ዓመት አልፎታል። በዚህ ሁሉ ዓመት በእናቷ ስም የተሸጠውን ጨርቅ አንድ በአንድ የሳለችው እሷ ናት። ይህን የሚያውቁት እናትና ልጅ፣ ጊየምም ብቻ ነበሩ። ሙርያኒ ግን ሩዝ የተጠቀለለበትን የሙዝ ቅጠል ለሴቶቹ አቀረበችና «ብሉ እንጂ፣ ምነው?» አለቻቸው።

በቀብሩ ዕለትም እንዲሁ ነበረች። ቃሬዛው በሰዎች ትከሻ ላይ ከፍ ሲል፣ እንደ አገሩ ወግ፣ ጎንበስ ብላ በሥሩ አለፈች። ወንድም እህት የላትም፤ ብቻዋን ነው ያለፈችው። ኢማሙ ወደ ሕዝቡ ዞረው «ይህች ሟች ደግ ነበረች?» ብለው ሲጠይቁ፣ ሰዉ ሁሉ በአንድ ድምፅ «ደግ ነበረች!» አለ። ደግመው ጠየቁ፤ ደግሞ መለሰ። ከወንዶቹ ረድፍ አንድ የምታውቀው ድምፅ የሰማች መሰላትና ቀና አለች። ፀጉሩ ሸብቷል፣ ትከሻው ጎበጥ ብሏል፤ ፑርናዲ ነው። ወደ እሷ አላየም። እሷም ወዲያው አቀረቀረች።

የፑርናዲ እናት በአራተኛው ቀን ከቀትር በኋላ መጡ። ወይዘሮ ሬትኖ አርጅተው ከስተዋል፤ ግን አሁንም ጀርባቸው ቀጥ እንዳለ ነው። ጥቂት ቁርኣን ቀርተው፣ ስለ ሙቀቱ አውርተው፣ የሻያቸውን ግማሽ ብቻ ጠጥተው ካበቁ በኋላ ከጎናቸው የነበረውን ጥቅል ወደ ሙርያኒ ገፋ አደረጉት።

«ልጄ፣ የሟች ነገር ቤቴ ውስጥ እያለ ሰባቱ ቀን እንዲሞላ አልፈለግኩም። ወደ ቤቱ ይመለስ ብዬ ነው።»

«ምንድን ነው እትዬ?»

«አንቺው ታውቂዋለሽ።»

ሙርያኒ ወረቀቱን ፈታች። የደረቀ ጃስሚን ከእጥፋቱ ውስጥ ረገፈ። ፓራንግ ነው፤ ሰያፍ ጎራዴዎች እንደ ማዕበል እየተከታተሉ የሚወርዱበት ጥለት። ንጉሥ ይለብሰዋል፣ ሹም ይለብሰዋል፤ ሠርግ ቤት ግን ደጃፉን አይረግጥም። ባልና ሚስቱ ዕድሜ ልካቸውን ሲፋጁ ይኖራሉ ይባላል። ጨርቁን ገለጥ አደረገችና ከዳሩ አጠገብ አንዲት ትንሽ እንቡጥ አየች። ፓራንግ ላይ እንቡጥ አይሳልም። ይህች እንቡጥ ከእጇ ያመለጠች የሰም ጠብታ ነበረች፤ እንዳታስታውቅባት ቅጠል አብጅታላት እንቡጥ ያደረገቻት ራሷ ናት።

«ብል አልነካውም» አሉ ሬትኖ። «በየዓመቱ እያወጣሁ አየዋለሁ። ሳየው ምን እንደምል ታውቂያለሽ? ለምራቶቼ እነግራቸዋለሁ። ‹ኑ እዩ፣ እንቢ ማለት እንዲህ ነው!› እላቸዋለሁ። ልጅ ልጠይቅ ሄጄ፣ አንድ ክፉ ቃል ሳልሰማ፣ ማንም ሰው ፊት ሳላፍር፣ እንዲህ ያለ ጨርቅ አቅፌ ተመለስኩ። እንደ እናትሽ ያለ አሉስ ሰው ዳግም አይወለድም።»

«እንቢ ማለት?» አለች ሙርያኒ። ድምፅዋ እንደ ወትሮው ነው።

«አንቺም ብትሆኚ!» አሉ ሬትኖ ጉልበቷን መታ መታ እያደረጉ። «ጥቅሉን የሰጠሽኝ አንቺ አይደለሽ? በሁለት እጅሽ፣ ጎንበስ ብለሽ፣ ፈገግ ብለሽ። ፑርናዲ መጀመሪያ ‹እናትየዋ ናቸው እንጂ እሷ አይደለችም› ብሎ አሻፈረኝ አለኝ። ከዚያ ጨርቁን ወደ መስኮቱ ወሰደው። እያገላበጠ አየው፣ አየውና ‹መስመሩ የእሷ ነው፤ ይሄን ያህል ወር ቁጭ ብላ ራሷ ከሳለችውማ ከልቧ ነው› አለኝ። በቃ። ከዚያ ወዲያ ስምሽን አንስቶ አያውቅም። በዓመቱ ሚስት አገባ፣ ወለደ፣ አላህ ይመስገን ደህና ነው።»

ሙርያኒ ዓይኗ ጨርቁ ላይ ነው። ፈገግታዋ ከፊቷ አልጠፋም፤ እንዴት እንደሚያጠፉት ጠፍቷት ነው።

«ሻይ ይጨመርልዎት እትዬ?» አለች።

«ትንሽ።»

በሁለት እጇ ቀዳችላቸው።

ያን ዓመት አስታወሰችው። አስታወሰችው ማለት እንኳ አይቻልም፤ ረስታው አታውቅም። ፑርናዲ ያኔ ወጣት አስተማሪ ነበር። እናቱ ጨርቅ ለማዘዝ ሲመጡ ተከትሏቸው ይመጣና፣ ሴቶቹ ሰም በሚስሉበት በረንዳ ጥግ ላይ ቁጭ ብሎ የሙርያኒን እጅ ያያል። የሰም ብዕሩን ከድስቱ አውጥታ፣ አፏ አጠገብ አድርሳ እፍ ስትልበት ያያል።

«ከመቶ ጨርቅ መሀል ያንቺን አውቀዋለሁ» አላት አንድ ቀን።

«ጉራ!»

«ሙች እውነቴን ነው። መስመርሽ ጫፉ ላይ ሲደርስ ትንሽ ይወፍራል። ሄዳ ሄዳ በር ላይ ቆም እንደምትል ሰው።»

ከዚያ ወዲያ ሳትጠነቀቅ ቀረች። እናቷ «ጫፉ ወፍሯል» ሲሏት «እሺ እማዬ» ትልና እንደገና ታወፍረዋለች። ወይዘሮ ሱማርሲህም አንድ ቀን የሻይ ስኒ ይዘው ሳሉ ስኒው ከማስቀመጫው ጋር ተንቀጫቀጨ። ሁለቱም ሰሙት። ሁለቱም እንዳልሰሙ ሆኑ። ስኒው ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ማስቀመጫ አልነበረውም።

ሬትኖ ልጅ ለመጠየቅ ሲመጡ እናቷ «ትልቅ ክብር ነው፣ ጊዜ ስጡንና እናስብበት» አሉ። በዚያው ሳምንት ለሙርያኒ ነጭ ጨርቅ ዘርግተው ፓራንግ አዘዟት። «ለትልቅ ቤት ነው። ትንፋሽሽን ይዘሽ ሳይው። ከዚህ በፊት ከሳልሽው ሁሉ የሚበልጥ ይሁን» አሏት። እሷም ደስታዋን የምታፈስበት አጥታ ነበርና ጎራዴዎቹ ላይ አፈሰሰችው። ጠዋት ተቀምጣ ምሽት ትነሳለች። ዓይኗ ቢቀላ፣ ወገቧ ቢቆረጥ ምን ቸገራት! ጨርቁ ከቀለም ሲወጣ እናቷ ለረጅም ጊዜ ካዩት በኋላ «አሁን እጅሽ ደረሰ» አሏት። ከእሳቸው አፍ እንዲህ ያለ ቃል የሰማችው ያኔ ብቻ ነው።

ሬትኖ ለመልስ በመጡ ቀን እናቷ በወረቀት የተጠቀለለ ነገር አስያዟትና «በሁለት እጅሽ ስጫቸው፣ ጎንበስ በይ» አሏት። ውስጡን አላየችም፤ መቼም ለሠርግ የሚሆን ጨርቅ መስሏት ነው። ሰጠች፤ ጎንበስ አለች፤ ፈገግ አለች።

ከዚያ የመጣ ሰው የለም። ወር አለፈ። ሁለት ወር አለፈ። አንድ ምሽት ጨክና «እነ እትዬ ሬትኖ ጠፉ» አለች። እናቷ ዓይናቸውን ከጨርቁ ሳያነሱ «ሰው የራሱ ሐሳብ አለው ልጄ። አይጠየቅም» አሉ። አልጠየቀችም። ፑርናዲ እንዳገባ የሰማችው ከቅመም ሻጭ ነው፤ ዝንጅብሉን ሸምታ፣ ምስጋናዋን አቅርባ ወደ ቤቷ ገባች። ጠልቶኝ ነው አለች። ወይም ወገቤ ቀጥ ያለ አይደለም፣ ወይም ጥርሴን አይቶ ነው። ሃያ ምናምን ዓመት ሙሉ እንከኗን ስትፈልግ ኖረች።

ሬትኖን እስከ በር ሸኝታ እንደተመለሰች ጨርቁን ይዛ ጓዳ ገባች። ጊየም ሽንኩርት ትልጣለች።

«ይሄን ታውቂዋለሽ?»

ጊየም ቢላዋውን አስቀመጠች። «ኧረ በአላህ! ይሄ ነገር አሁንም አለ?»

«ምን እንደሆነ ታውቂ ነበር?»

«ለሬትኖ የሰጣችሁት ነዋ። ልጁን እንቢ ያላችሁበት…» ጊየም የእህቷን ልጅ ፊት አየችና ቀጥ አለች። «አንቺ… አንቺ አታውቂም ነበር እንዴ?»

ሙርያኒ ራሷን ነቀነቀች።

«ወይኔ ጊየም! ወይኔ ልጄን!» ጊየም ደረቷን መታች። «እኔ ተመካክራችሁ ነው ብዬ! ራስሽ ስለሽው፣ ራስሽ ይዘሽው ወጥተሽ!»

«ለምን አልጠየቅሽኝም?»

«ምን ብዬ ልጠይቅሽ? ፊትሽ ላይ ምን ነበረና? አንድ ቀን ብታለቅሺ፣ አንድ ሳህን ብትሰብሪ፣ እኔ ነገረኛዋ ምድሩን ገልብጬ እጠይቅ ነበር። አንቺ ፈገግ እያልሽ ሰም ታቀልጫለሽ! እኔ ደግሞ ‹ልጅቷ አልወደደችውም፣ ተገላገለች› አልኩ።»

ሙርያኒ ጨርቁን ማጠፍ ጀመረች። እውነቷን ነው።

«እጇ ሄዶባት ነበር» አለች ጊየም ዝቅ ብላ። «አንቺ ብትሄጂ ሱማርሲህ የሚባል ባቲክ የለም። ብትለምንሽ እኮ ትቀሪላት ነበር፤ አይደለም? ‹ያኒዬ፣ እጄ ተንቀጠቀጠ፣ ትተሽኝ አትሂጂ› ብትልሽ?»

«እቀርላት ነበር» አለች ሙርያኒ። «ወይም እሱ እዚህ ይገባ ነበር። ወይም… ምን አውቃለሁ። ብትጠይቀኝ ኖሮ መላ አይጠፋም ነበር።»

«መጠየቅ ብልግና መሰላታ! የራስ ልጅን መለመን ብልግና፣ ሌባ ሆኖ መስረቅ ግን ጨዋነት! ተናገሪ። ሬትኖ በሰባተኛው ትመጣለች፣ ልጁም ይመጣል። ሰው ፊት ተናገሪ። ‹አላውቅም ነበር› በይ። ሦስት ቃል አይሞላም።»

«እማዬን ሰው ምን ይላታል?»

«ሞታለች አንቺዬ! የምትኖሪው አንቺ ነሽ።»

ሙርያኒ ወደ እናቷ ክፍል ሄዳ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። የጠዋቱ ሻይ ቀዝቅዟል። እናቷ ሊሞቱ ሰሞን እዚሁ አልጋ ላይ ሆነው አንድ ነገር ሊሏት ሞክረው ነበር። እጃቸውን ወደ ቁም ሣጥኑ አነሱና «ያኒ… ያ ጨርቅ…» አሉ። ከንፈራቸው ይርገበገብ ነበር። እሷም እንዳይደክሙ ብላ፣ የሚያሳፍራቸው ነገር እንዳይወጣቸው ብላ፣ «ይረፉ እማዬ፣ ምንም አይበሉ» አለቻቸው። በርዷቸው መስሏት ከቁም ሣጥኑ ብርድ ልብስ አውጥታ እስከ አገጫቸው አለበሰቻቸው። እሳቸውም ዓይናቸውን ከደኑና «አመሰግናለሁ» አሉ። ሌላ ቃል ሳይናገሩ ሄዱ።

አሁን ገባት። ሊነግሯት ነበር። አፋቸውን በብርድ ልብስ የዘጋችው ራሷ ናት። ማንን ትክሰስ? ጨዋ አድርገው ያሳደጓት እሳቸው፤ ጨዋ ሆና ያስቀረችባቸው እሷ።

በሰባተኛው ቀን ምሽት ቤቱ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። ወንዶቹ ፊት ለፊት ምንጣፍ ላይ ተደርድረው ዱዓቸውን ያሰማሉ፤ ሴቶቹ ከኋላ ናቸው። ሙርያኒ ከእናቷ ክፍል ስትወጣ ወሬው ሁሉ ለአፍታ ተቋረጠ። ፓራንጉን ታጥቃዋለች። ሰያፎቹ ጎራዴዎች ከወገቧ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ይወርዳሉ። ለቅሶ ቤት እንዲህ ያለ ጨርቅ አይታጠቁም። የሴቶቹ ዓይን ወረደ፣ ወጣ፣ ከዚያ ወደየሳህኑ ተመለሰ። አንዲት ሴት ስለ ዝናቡ አነሳች፤ ሌሎቹ ተሯሩጠው ዝናቡን ተቀበሏት።

«ይኸዋ!» አለች ጊየም ከጓዳው በር፣ ጮክ ብላ። «አሁን አፍሽን ደግሞ!»

ወይዘሮ ሬትኖ ግን ለክብራቸው የተለበሰ መስሏቸው ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

ዱዓው አለቀ፤ ኢማሙ «የሟች በደል ካለ ይቅር በሉ» አሉ፤ ሰዉም ይቅር አለ። በእንዲህ ያለ ቀላል ነገር ማን ይሰስታል! ከዚያ ለቤት የሚወሰደው ምግብ በቀርከሃ መሶብ ተደርጎ በሩ ላይ መታደል ጀመረ። የምታድለው ሙርያኒ ናት። አንዱን ስትሸኝ አንዱ ሲመጣ፣ ፑርናዲ እናቱን ደግፎ ፊቷ ቆመ።

ቅርብ ሆኖ ሲያዩት ከዓይኑ በቀር ሁሉ ነገሩ አርጅቷል። ዓይኑ ጨርቁ ላይ አረፈ። እንቡጧ ጋ ሲደርስ ቆም አለ።

«አሁንም ያምራል» አለ።

«ጥሩ አድርጋችሁ ነው የያዛችሁት።»

«ሁልጊዜ አንድ ነገር ልነግርዎት እፈልግ ነበር» አለ። ድሮ አንቺ ነበር የሚላት። «ያኔ በጣም ከፍቶኝ ነበር፤ አልዋሽም። ሲውል ሲያድር ግን ገባኝ። በሌላ ሰው አፍ አላስነገሩብኝም። በራስዎ እጅ፣ ያን ያህል ለፍተው ነው የመለሱልኝ። ማን እንዲህ ያከብራል? ይህን እያሰብኩ ነው ቂም ሳልይዝ የኖርኩት። አመሰግናለሁ።»

እናቱ በኩራት ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ከኋላቸው ሰው ይጠብቃል። ከጓዳው በር የጊየም ዓይን እንደ ፍም ሆኖ ያያታል።

አላውቅም ነበር። ልትለው ከንፈሯ ተከፍቷል። ቃሉ አንዴ ከወጣ የዚህ ሰው ሰላሙ፣ የአሮጊቷ ኩራት፣ የሟቿ ስም፣ ሁሉም እዚህ ደጃፍ ላይ ይፈርሳል። ለእነሱ አዝና ነው ዝም ያለችው? አዎ፣ እሱም አለበት። ግን እሱ ብቻ አይደለም፤ አፏ ሌላ ነገር አለመደም። ዕድሜዋን ሙሉ ፈገግ እንዲል የተማረ አፍ ነው።

መሶቡን አነሳች። በሁለት እጇ፣ ጎንበስ ብላ፣ ሰጠችው።

«መንገዱ ጨልሟል፣ እናትዎን ይደግፏቸው» አለች።

ፑርናዲ በሁለት እጁ ተቀበላት። ሄዱ።

«ቱ!» አለች ጊየም። «እሷን ቀበርናት ብዬ! ለካ አልቀበርናትም!» ፊቷን አዙራ ጓዳ ገባች፤ ወዲያው ግን አፍንጫዋን ስትናፈጥ ተሰማች።

ሰዉ ሄዶ ሲያልቅ ሙርያኒ የመጨረሻውን ሻይ ቀዳች። የሰባተኛው ቀን ሻይ ነው፤ ነገ ጠረጴዛዋ ባዶ ትሆናለች። የስኳሩን ጣሳ አየችው፤ አልከፈተችውም። ብርጭቆውን እንዲሁ፣ እንደ ኮሶ እንደመረረ፣ ወስዳ አልጋው ራስጌ አስቀመጠች። በክፍሉ ውስጥ ይህን የሚያነብ ሰው ቢኖር አንድ ብቻ ነው፤ እሳቸው ደግሞ ሞተዋል። በእሳቸው ቋንቋ የተጻፈ መልስ ነው።

ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። የእጃቸው ነው አለች በሆዷ። ይቅመሱት።

እንፋሎቱ ሲቀንስ እያየች ሳለ እናቷ ብርጭቆውን ሲያነሱ ታዩዋት። ያ እጅ እየተንቀጠቀጠ። ስኳር እንደሌለው በመጀመሪያው ጉንጭ ያውቃሉ። ግን አይጠይቁም። ሞተው እንኳ አይጠይቁም። እስከ አተላው ድረስ ይጠጡታል፣ ከንፈራቸውን በመሐረባቸው ይጠርጋሉ፣ ከዚያ «አመሰግናለሁ ልጄ፣ ጣፋጭ ነው» ይላሉ።

ሙርያኒ ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው። እንባዋ አገጯ ላይ ደርሶ ጎራዴዎቹ ላይ ጠብ ጠብ አለ፤ አልጠረገችውም። ተነስታ የስኳሩን ጣሳ አመጣች።

«ጠይቂ እንጂ!» አለች። እናቷን አንቺ ብላ አታውቅም። «ስኳር ስጪኝ አይባልም? ምን ነበረበት ብትጠይቂኝ?»

አንድ አንኳር ጨመረች። ሁለተኛውን ጨመረች። ከዚያ ማንኪያውን ሙሉ እጇን ጭብጥ አድርጋ ያዘችና ማማሰል ጀመረች። ማንኪያው ብርጭቆውን መታው፤ ቅል፣ ቅል፣ ቅል። ጓዳ ውስጥ ሳህን ታጥብ የነበረችው ጊየም እጇን አቆመች። ስኳሩ ሟሙቶ አልቋል፤ ሙርያኒ ግን ታማስላለች፣ ድምፁ በየክፍሉ፣ በበረንዳው፣ እስከ መንገዱ ድረስ ይሰማል።